ታብሌት ይዘው ሲመጡ፦ ስለ አገር በቀል የቴክኖሎጂና የማኅበረሰብ ጥናት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፤ አዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ዳር። ከኮንዶሚኒየሙ ወጣ ሲሉ ማሳ ይጀምራል። ታብሌት የያዙ ወጣቶች በየጊዜው በራችንን ያንኳኳሉ። ስለ ስልክ፣ ስለ ቴሌብር፣ ስለ ፋይዳ መታወቂያ ይጠይቁናል፤ አመስግነው ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ ምን እንደተደረገበት የሚነግረን የለም። እኔም በአንድ ወቅት ከእነሱ አንዱ ነበርኩ። አሁን የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠሩ ተማሪዎችም፣ የእድራችን ሰዎችም ስለዚሁ ጉዳይ ይጠይቁኛል። ለየብቻ ከምመልስ ጥያቄዎቹን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ።

አገር በቀል የምርምር መንገድ ምን ማለት ነው?

ሁለት ነገር መጠየቅ ነው። ጥያቄውን ያወጣው ማን ነው? መልሱስ የት ይሄዳል?

በተለመደው አካሄድ ጥያቄው ሌላ ቦታ ይጻፋል፣ አንዳንዴም ሌላ አገር። እኛ እንመልሳለን። መልሱ ተጭኖ ይሄዳል። አገር በቀሉ መንገድ ግን የሚጠናው ሰው ጥያቄውን አብሮ እንዲያወጣ ይፈልጋል። መረጃው ላይም እንዲወስንበት፣ ውጤቱንም ከማንም ቀድሞ እንዲሰማ።

ሐሳቡን ያጠነከሩት ምርምር ያቆሰላቸው ሕዝቦች ናቸው። የኒውዚላንድ ነባር ሕዝብ የሆነው የማኦሪ ምሁር ሊንዳ ቱሂዋይ ስሚዝ በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ምርምር ከቅኝ አገዛዝ ጋር ምን ያህል ተጋምዶ እንደኖረ አሳይተዋል። ከዚያ ወዲህ ጉዳዩ ወደ ቴክኖሎጂ ተሻግሯል። የእኛም ሰዎች አሉበት። ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ አበባ ብርሃኔ በ2020 እ.ኤ.አ. አፍሪካ በአልጎሪዝም፣ ማለትም ኮምፒውተር በሚወስንበት ቀመር፣ እንዴት እንደ አዲስ ቅኝ እየተያዘች እንደሆነ ጽፈዋል። አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉት ትምኒት ገብሩ ደግሞ ከጉግል ከወጡ በኋላ በ2021 እ.ኤ.አ. ከትልልቅ ኩባንያዎች ነፃ የሆነ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ምርምር ተቋም መሥርተዋል።

ኢትዮጵያ ቅኝ አልተገዛችም። ይህ እኛን ምን ይመለከተናል?

ከሁሉ በላይ የምጠየቀው ይህንን ነው። ዓድዋን እየሰማ ያደገ ሰው እንዲህ ቢጠይቅ አይገርመኝም።

ፔሩአዊው የማኅበረሰብ ሳይንስ ምሁር አኒባል ኪሃኖ ግን ሁለት ነገሮችን ለይተዋል። የቅኝ አገዛዝ አስተዳደር አንድ ነገር ነው። ዓለምን በአውሮፓ ሚዛን ብቻ የመለካት ልማድ ሌላ ነው። አስተዳደሩ ሲነቀል ልማዱ አብሮ አይነቀልም። እኔ ደግሞ ከራሳችን ኑሮ አንድ ነገር ልጨምር፤ ያ ልማድ ወታደር ሳያስከትልም ይገባል። በቅጽ ይገባል።

ስማችንን እንውሰድ። ያለን የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው። ውጭ የተሠሩ ብዙ አፖች ግን «የቤተሰብ ስም» ካልተሞላላቸው አያሳልፉም። አንዱ ግራ ገብቶት የአባቱን ይሞላል፣ ሌላው የአያቱን። ባል፣ ሚስትና ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር እያሉ ኮምፒውተሩ ላይ ሦስት የተለያዩ ቤተሰቦች ይሆናሉ።

ሰዓታችንም እንደዚሁ ነው። «ከሥራ የምገባው 2 ሰዓት ነው» ያለች እናት የምታወራው ስለ ምሽት ነው። መዝጋቢው 2፡00 ብሎ ካስገባው፣ ባሕር ማዶ ያለው ተንታኝ የሚያነበው የእኛን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ጳጉሜን ላይ የተወለደ ሰውም 12 ወር ብቻ በሚያውቅ ቅጽ ፊት ልደቱን ለመቀየር ይገደዳል።

ፊደላችንም አላመለጠም። የጽሕፈት መኪና ሲመጣ «ፊደሉ በዛ፣ ይቀነስ» የሚሉ ሐሳቦች ቀርበው ነበር። ማሽኑ ለፊደሉ ይስተካከል ወይስ ፊደሉ ለማሽኑ? ኢንጂነር አያና ብሩ ማሽኑን ወደ ፊደሉ ለማምጣት ደከሙ። በኮምፒውተር ዘመንም ያው ትግል ተደገመ። ግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን ወደሚያውቁበት የጋራ ሥርዓት፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት በአንዱ ሶፍትዌር የጻፍከው ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ምኑም የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። ያንን የሚያስታውስ ሰው «ቴክኖሎጂ ለሁሉም እኩል ነው» ሲባል ዝም ብሎ አይቀበልም።

አገር በቀል ማለት የድሮ ማለት ነው?

አይደለም። እድርን ብዙ አጥኚዎች የ20ኛው ክፍለ ዘመን የከተማ ኑሮ ልጅ ነው ይላሉ። ሚስኮልም በእኔ ዓይን አገር በቀል ነው። አንዴ ጠርቶ ሲዘጋ «ደርሻለሁ»፣ ሁለቴ ሲጠራ «ደውልልኝ»። ይህን ማንም ኩባንያ አላስተማረንም።

የድሮውም ቢሆን ለዛሬ ጥያቄ ይጠቅማል። አፋሮች ዳጉ የሚሉት የወሬ መለዋወጫ ሥርዓት አላቸው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ይነጋገራሉ። ራስህ አየህ ወይስ ሰማህ? ከማን? ይህ ተለይቶ ይነገራል። ውሸት ያቀበለ ሰው ይጠየቅበታል። በቴሌግራም ስለሚናፈስ የሐሰት ወሬ ላጥና የሚል ሰው ዳጉን ሳያውቅ ቢጀምር ብዙ ነገር ያመልጠዋል።

መጠይቅ ማስሞላት ምን ችግር አለው? ሁሉም የሚያደርገው አይደል?

ችግሩን ያስተማሩኝ አንዲት እማማ ናቸው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ጥናት መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ተቀጥሬ ነበር። ከኮንዶሚኒየሙ ማዶ ካሉት የገበሬ ቤቶች አንዱ ገባሁ። እማማ ቡና እያፈሉ ነበር። ታብሌቱ «ባለፉት 30 ቀናት ኢንተርኔት ተጠቅመዋል?» ይላል። «ኧረ እኔ ኢንተርኔት የት አውቄ!» አሉኝ። «አልተጠቀሙም» የሚለውን ነካሁ። ታብሌቱ ወዲያው 14 ጥያቄ ዘልሎ ስለ ሬዲዮ መጠየቅ ጀመረ።

ቶና ላይ ስልክ ጮኸ። የልጅ ልጃቸው ሮጦ አነሳና ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፎ አቆመላቸው። ቤሩት ያለችው ልጃቸው ናት፣ በኢሞ። ፊቷን እያዩ ሃያ ደቂቃ አወሩ። የሰፈሩን ለቅሶ፣ የእህሉን ዋጋ፣ የላከችው ብር መድረሱን፣ ሁሉንም ነገሯት። በመሃል «ከስተሻል፣ አትበዪም እንዴ?» አሏት። ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞረው «በየእሑዱ እንዲህ እንተያያለን» አሉ። መልሱን ልቀይር ብል ታብሌቱ ወደ ኋላ አልመለስ አለኝ። ጥናቱ ላይ እማማ ኢንተርኔት የማያውቁ ሴት ሆነው ቀሩ።

«ኢሞ ኢንተርኔት መሆኑን ስለማያውቁ ነው» ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን ያላወቅነው እኛ ነን እላለሁ። ለእሳቸው ያ የልጃቸው ፊት ነው። «ሩቅ ያለች ልጅዎን እንዴት ያገኟታል?» ብላቸው ኖሮ ስንት ነገር በነገሩኝ! ካርድ የሚሞላው ማን ነው? ልጁ ትምህርት ቤት ሲሆን ስልኩን ማን ያነሳላቸዋል? ኔትወርክ ጠፍቶ እሑድ ሲያልፍ ምን ይሰማቸዋል? ከተዘለሉት 14 ጥያቄዎች አንዱም ስለዚህ አይጠይቅም ነበር።

ሌላም አለ። «ከ1 እስከ 5 ምን ያህል ረክተዋል?» ሲባል ሰው «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ያ ስንት ነው? እኔ 4 ብዬ እሞላ ነበር። አሁን ሳስበው ይቆጨኛል። ይሉኝታም አለ። በፀሐይ ለፍቶ ለመጣ እንግዳ «አገልግሎቱ መጥፎ ነው» ብሎ መመለስ ለብዙ ሰው ይከብዳል።

መጠይቅ ይቅር አልልም። ከመጠይቁ በፊት ግን ቁጭ ብሎ ቡና መጠጣት ያስፈልጋል፣ ሦስቱንም።

ሰውየው ከፈረመ ፈቃድ አገኘሁ ማለት አይደለም?

እዚህ አካባቢ ፊርማ ቀላል ነገር አይደለም። መሬቱን የለቀቀው ወረቀት ላይ ፈርሞ የሆነ ሰው ብዙ ነው። የልማት ተነሺ የሆነ አባወራ ፊት እንግዳ ሰው ወረቀት ዘርግቶ «እዚህ ጋ ይፈርሙ» ሲል፣ አባወራው የሚያስታውሰው ካሳውን ነው። አንዳንዱ በፍርሃት ይፈርማል። አንዳንዱ ይሸሻል። ምስክር ባለበት የቃል ፈቃድ መውሰድ ይሻላል። ምክንያቱ በደንብ ከተጻፈ የሥነ ምግባር ኮሚቴም ሊቀበለው ይችላል።

ፎቶና ጂፒኤስ ከፊርማም በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። የከተማው ዳር ጨረቃ ቤት የምንላቸው፣ ሰነድ የሌላቸው ቤቶች ያሉበት ነው። ስለ ኔትወርክ ሽፋን ለማጥናት ብለህ የእያንዳንዱን ቤት ነጥብ ትይዛለህ። ያ ዝርዝር ነገ ሌላ እጅ ቢገባ ለማፍረሻ ሊያገለግል ይችላል። የማያስፈልግህን ነጥብ አትያዝ። የሰፈሩን ስም መጻፍ ይበቃል።

ፈቃድ የተሰጠበት ዓላማም አለው። አሜሪካ አሪዞና የሚኖሩት የሃቫሱፓይ ሕዝቦች በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ለስኳር በሽታ ጥናት ብለው ደማቸውን ሰጡ። ደሙ ግን በኋላ ለአእምሮ ሕመምና ሕዝቡ ከየት እንደፈለሰ ለማወቅ ለሚደረጉ ጥናቶችም ዋለ። ከሰሱ። በ2010 እ.ኤ.አ. አሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ 700,000 ዶላር ለመክፈልና ደሙን ለመመለስ ተስማማ።

እኛም ዘንድ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። መረጃ ለታወቀ ዓላማ እንዲሰበሰብ ያዛል። ጥሩ ጅምር ነው። የሚጠብቀው ግን ግለሰብን ነው። አንድ ሰፈር ወይም አንድ እድር በጋራ «ይህ የእኛ ነው» የሚልበትን መንገድ ገና ራሳችን ማበጀት አለብን።

ዳታው የማን ነው ታዲያ?

አማርኛ ለዚህ ቃል አለው፤ አደራ። አደራ የተሰጠህ ነገር ያንተ አይደለም። ትጠብቀዋለህ፣ ባለቤቱ ሲፈልገው ትመልሳለህ። «አደራ በላ» መባል ምን ያህል እንደሚያሳፍር የማያውቅ የለም። አሠራሩም በእጃችን አለ። እድር ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ መዝገብና መተዳደሪያ ደንብ አለው። ሒሳቡ በአባላቱ ፊት ይሰማል። የሰፈር መረጃስ እንዲህ ቢያዝ ምን ይጎድለዋል?

ማኦሪዎች ካይቲያኪታንጋ የሚሉት የአደራ ጠባቂነት ባህል አላቸው። ቴ ሂኩ የተባለው የማኦሪ ሬዲዮ ጣቢያ በ2018 እ.ኤ.አ. ሕዝቡ በቋንቋው ዓረፍተ ነገር እያነበበ ድምፁን እንዲሰጥ ጠየቀ። በ10 ቀን ውስጥ ከ300 ሰዓት በላይ ድምፅ ተገኘ። ቋንቋቸውን የሚሰማ ሶፍትዌር ሠሩበት። ድምፁን ግን ለትልልቅ ኩባንያዎች አሳልፈው አልሰጡም። የአጠቃቀም ፈቃዱንም በካይቲያኪታንጋ ስም ነው ያወጡት። የካናዳ ነባር ሕዝቦች በ1998 እ.ኤ.አ.፣ ሳን የሚባሉት የደቡብ አፍሪካ ነባር ሕዝቦች ደግሞ በ2017 የራሳቸውን የምርምር ደንብ አውጥተዋል።

ከእኛ ቤት ጤፍ አለ። በ2005 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ከአንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ጋር ስለ ጤፍ ዘር ጥቅም የመጋራት ስምምነት ተፈራረመች። በ2007 ኩባንያው በጤፍ ዱቄት አሠራር ላይ የአውሮፓ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ተሰጠው። በ2009 ከሰረ፤ ስምምነቱም ከንቱ ሆነ። ፓተንቱ ግን በሌላ እጅ መኖሩን ቀጠለ። ኔዘርላንድስ ውስጥ የሔግ ፍርድ ቤት ውድቅ ያደረገው በ2018 መጨረሻ ነው። እናቶቻችን ዕድሜ ልካቸውን ያቦኩት እህል ዱቄት ለ11 ዓመት የሌላ ሰው «ፈጠራ» ሆኖ ተመዝግቦ ኖረ። ኢትዮጵያ ከዚህ ያገኘችው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

በሕጋችን የማኅበረሰብ እውቀት ያለ ማኅበረሰቡ ፈቃድ እንዳይወሰድ የሚያዝ አዋጅ አለ፤ ቁጥር 482/1998። ሲወጣ የታሰበው ስለ ዘርና ስለ መድኃኒት ዕፅ ነው። ዛሬ ከሰፈራችን የሚወሰደው ድምፅ፣ ፎቶና የቋንቋ ናሙና ነው። እኔ ሁለቱን ለይቼ አላያቸውም።

እኔ ተራ ነዋሪ ነኝ። ሲመጡብኝ ምን ልበላቸው?

ቁጭ በሉ በላቸውና ጠይቃቸው። ማን ላካችሁ? ገንዘቡ የማን ነው? መልሴ የት ይቀመጣል፣ ማንስ ያየዋል? ውጤቱን መቼና በምን ቋንቋ ትነግሩናላችሁ? ሐሳቤን ብቀይር መልሴን ታጠፉታላችሁ? ስልክ ቁጥራቸውን ተቀበል። እንቢ ማለትም፣ በመሃል ማቆምም መብትህ ነው። ደህና ተመራማሪ አይቀየምህም።

ሁሉም አገር በቀል ነገር ጥሩ ነው ማለትህ ነው?

በፍጹም። ይህንን በግልጽ መናገር አለብን። የአገራችን ቴክኖሎጂ ባለቤቶች ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂው፣ ሸማኔው ነበሩ። ምን ብለን ስንጠራቸው እንደኖርን እናውቃለን። ባለ እጅን የሚሳደብ እንዲቀጣ አፄ ምኒልክ አዋጅ እስኪያስነግሩ ድረስ ደርሶ ነበር። ያ ንቀትም አገር በቀል ነው።

ተማሪዎች ብዙ ጊዜ «ማኅበረሰቡን አነጋገርኩ» ብለው ያመጡልኛል። ሳየው ያነጋገሩት አምስት ሽማግሌዎችን ነው፣ ሁሉም ወንዶች። ቋንቋም አለ። ቱሉ ዲምቱ የሚለው ስም ራሱ ኦሮምኛ ነው፤ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። እዚህ ለትውልድ የኖረ ገበሬ በአማርኛ መጠይቅ ሲጠየቅ ለእሱ እኛም ከሩቅ የመጣን ነን። አማርኛ ተናጋሪ ተመራማሪ የፈረንጁን ቅጽ ሲተች የራሱንም ማየት አለበት። ኦሮምኛ የሚችል የጥናት ጓደኛ ይያዝ። ለማስተርጎም ብቻ አይሁን፤ ጥያቄውንም አብሮ ያውጣ።

እዚህ ያለው ሰው ራሱ ቢጠየቅ ምን ይጠና ይላል?

ጠይቄ አውቃለሁ። አንደኛው መልስ «ሲስተም የለም» የሚለው ነገር ይጠናልን የሚል ነው። ለአንድ ወረቀት በሁለት ታክሲ ሄደህ መስኮቱ ጋ ስትደርስ «ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለስ» ትባላለህ። የቀን ሠራተኛ ከሆንክ የዚያን ቀን ደመወዝ አጣህ። ዲጂታል አገልግሎት ስንት ሰው ተጠቀመ የሚል ቁጥር በየጊዜው እንሰማለን። «ሲስተም የለም» ስንት የሥራ ቀን እንደበላ የቆጠረ ግን አላጋጠመኝም።

ሁለተኛው ስለ ዕጣ ነው። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የ25,491 ኮንዶሚኒየም ቤቶች ዕጣ በኮምፒውተር ወጣ። በቀናት ውስጥ የከተማው አስተዳደር ማጭበርበር ተገኝቶበታል ብሎ ሰረዘው። ለዓመታት የቆጠቡ ሰዎች ያኔ ያሉትን እስካሁን አልረሳሁም። «በእቁብ ቢሆን እናየው ነበር» ነው ያሉት። በእቁብ ስሙ በወረቀት ይጻፋል፣ ይጠቀለላል፣ ሁሉም እያየ ይናጣል፣ ብዙ ጊዜም ሕፃን ልጅ ያወጣዋል። ግልጽነት ማለት ለእነሱ ይህ ነው። እቁብን እንደ ቴክኖሎጂ ማጥናትና «ኮምፒውተሩ ይህን እንዴት ይማር?» ብሎ መጠየቅ ትልቅ ጥናት ይወጣዋል። አንድ ተማሪ እንዲሠራው እየወተወትኩ ነው።

በዚህ መንገድ ሳይንሳዊነቱ አይጓደልም?

የእማማን መልስ አስታውስ። የቱ ነው ትክክል፣ ታብሌቱ ወይስ ስኳር ዕቃው ላይ የቆመው ስልክ?

ለመመረቂያ ያለኝ ሦስት ወር ነው። ይህን ሁሉ ማድረግ አልችልም።

ሁሉን አትችልም። መጠይቁን ከማተምህ በፊት አንድ ቅዳሜ ለአምስት ሰዎች አንብብላቸውና «የትኛው ጥያቄ ጅል ነው?» በላቸው። ሲጨርሱ ውጤቱን አንድ ገጽ አድርገህ በቋንቋቸው መልስላቸው። ሁለቱን ብቻ አድርግ።

ውጤቱን እንዴት ነው የምመልሰው?

በአፍ። የእንግሊዝኛ ጥራዝ ለእድር ሊቀመንበር መስጠት መመለስ አይደለም።

እኔ ባለፈው ዓመት በትንሹ ሞክሬዋለሁ። የእድሩ ወርሃዊ ስብሰባ ሲያልቅ ሰው ወንበሩን ሳያነሳ ሩብ ሰዓት ለመንኩ። ስለ ሞባይል ገንዘብ ከጎረቤቶቼ የሰበሰብኩትን በአማርኛ አነበብኩ፤ አንድ ጎረቤቴ በኦሮምኛ ደገመልኝ። «አብዛኞቹ እናቶች የራሳቸው ስልክ የላቸውም» የሚለው ጋ ስደርስ ከኋላ አንዲት ሴት ተነሱ።

«ስልክ የላቸውም አትበል ልጄ። ስልኩ አለ። ሲሙ ነው በስማችን ያልሆነው። ብር ሲላክልኝ መልእክቱን የማየው እኔ ነኝ፣ ለማውጣት ግን እሱን እጠብቃለሁ።»

ሌሎቹም «እውነቷን ነው» አሉ። እዚያው ቆሜ ዓረፍተ ነገሩን በእስክሪብቶ ሰረዝኩት። እሳቸው ግን አልተቀመጡም። «በእሱ ፋንታ ምን ልትጽፍ ነው? አንብብልኝ» አሉኝ።